እሳቱ የወጣለት ድንጋይ

በዚያ ጫካ ሥርዓቱ ለማንም ግልጽ ነበር። አንበሳ ይገዛል፣ ቀበሮ ታስረዳለች፣ ከርከሮ ይዘምታል፣ ጅብ ደግሞ የተረፈውን ያነሣል። ቅር የተሰኘ አልነበረም፤ ቅር የተሰኘ ወደ ጅብ ይላክ ነበርና።

አንድ ጊዜ ከአንበሳው ዋሻ ሥር በራሱ የሚግል ድንጋይ ተገኘ። አንበሳው ሙቀቱን ለዋሻው ወሰደ። እሳቱ ወጥቶለት እንደ እርሳስ የሚከብደውን ትርፍራፊ ግን፣ "ለሠራዊቴ ስጡልኝ" አለ። ቸርነቱም ተመሰገነ። ከርከሮዎች ክራንቻቸውን በዚያ ድንጋይ ሳሉ። ከዚያ ወዲያ የጠላታቸው የጎሽ ቆዳ ምን ሊችል! ክራንቻው ሲያርፍበት ብልጭ ይልና እንደ ዱቄት የላመ ጥቁር አቧራ ይቦናል። ጎሾቹ ወንዝ ተሻግረው ሸሹ፤ ድሉም የአንበሳው ሆነ።

ከርከሮዎች የቆየ ልማድ አላቸው። ከዘመቻ የተመለሰ አይታጠብም። የጦር ሜዳውን አቧራ እንደለበሰ ደጁ ይደርሳል፤ ሚስቱም ልሳ ታወርድለታለች። ያልተላሰ ዘማች እንደ ሞተ ተቆጥሮ ይለቀስለታል። በዚያ ዓመት ሁሉም ተላሰ።

ክረምቱ ሳይወጣ ዘማቾቹ ያስላቸው ጀመር፤ ሽንታቸውም ደም ሆነ። ከሁሉ ፊት ይዋጋ የነበረው ባሻ ከርከሮ ደግሞ፣ ሚስቱ ዓይን የሌላቸው ግልገሎች ወለደችለት። ሳይጠቡ ሞቱ። አሁን እንደገና አርግዛለች፤ እሱም ከሌላ ዘመቻ መመለሱ ነው። አቧራውን እንደለበሰ፣ ቤቱ ሳይገባ፣ ወደ አንበሳው ጉባኤ ሄደ።

"ጃንሆይ" አለ፤ ሳሉ አቋረጠው። "ካሳ አልጠየቅሁም። ሚስቴ ደጅ ቆማ ትጠብቀኛለች። ትላሰኝ ወይስ አትላሰኝ? ይህችን ብቻ ይንገሩኝ።"

ቀበሮ ጉሮሮዋን ጠረገች። "ባሻ፣ ጀግንነትህን ማን ይክዳል? ድንጋዩ ግን እሳቱ የወጣለት ነው፤ ዐመድ በለው። ዐመድ ማንን ገድሎ ያውቃል? የሚያስልህ ብርድ ነው። ደግሞ መርምረናል።"

"ማንን መረመራችሁ?"

"ድንጋዩን ነክተው የማያውቁትን። ሁሉም ደኅና ናቸው።"

ከኋላ አንዲት አሮጊት ከርከሮ፣ "ኧረ ልጆቻችንን ጨረሳችኋቸው!" ብላ ጮኸች። ጅብ ዞር ብሎ ሲያያት አንገቷን ደፋች። የቀረውም በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ብሎ መሬት መሬቱን አየ። ይህን ሳወራ እንኳ ያንገበግበኛል፤ ስንቱ ልጁን የቀበረ እዚያ ተቀምጦ ነበር።

ባሻ ወደ ዙፋኑ ተጠግቶ ግንባሩን ዝቅ አደረገ።

"እንግዲያው ጃንሆይ ይላሱኝ" አለ። "የዘመትኩት ለእርስዎ ነው፤ አቧራውም ዐመድ ነው ተብሏል።"

አንበሳው ምላሱን ሰብስቦ አፉን ገጠመ። ቆይቶ፣ "ቀበሮ፣ አንቺ ላሺው" አለ።

"እኔ ጾም ላይ ነኝ፣ ጃንሆይ" አለችና ጅብን አየችው። ጥንብ በልቶ፣ አጥንት ቆርጥሞ አልጠገብኩም የሚለው ጅብ ወደ ኋላው ሸሸት አለ። "ዛሬስ ሆዴን አሞኛል" አለ።

የሳቀ አልነበረም። አንበሳው፣ "ነገሩ ይጠናል፤ ዘመቻው ግን ይቀጥላል" ብሎ ተነሣ።

ባሻ ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ሆዷ ገፍቶ ደጁ ላይ ቆማለች። ልትቀበለው ስትራመድ፣ "ቆይ፣ አትጠጊኝ!" አላት።

"ምን አሉህ?"

"ዐመድ ነው አሉኝ።"

"ታዲያ ና እንጂ ልላስህ። በቁምህ ላልቅስልህ እንዴ?"

"ላሱኝ ብዬ ግንባሬን ሰጠኋቸው።"

"እሺ?"

"ጅብ እንኳ አልላሰኝም።"

ሚስቱ ግንባሩ ላይ ያለውን አቧራ አየች። ከዚያ ሆዷን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች፤ እሱ ደጅ ቆሞ እየሰማት፣ ስሙን እየጠራች ለቅሶ ተቀመጠችለት።