መረቡ የያዘው ጩኸት

አንድ ሰው ነበረ። ቀሲስ አምኃ፣ እኔ የንስሐ አባትህ ጥያቄህን ሰምቻለሁ፤ «የንስሐ ልጆቼን ኀዘን ስሰማ እውላለሁ፣ ለማንም ትንፍሽ አልልም፣ ታዲያ ልቤ ለምን አያርፍም?» ነው ያልኸኝ። መልሱ እዚህ ሰውዬ ዘንድ አለ። ብቻ እንደ ልማድህ አታቋርጠኝ።

ሰውየው ሀብታም ነበር። አባቱ ደግሞ የዜማ መምህር ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ገፍቶ፣ ደረታቸው ደክሞ፣ በቀን አንዴ ብቻ ማዜም የሚችሉ። ከመምህራቸው አፍ የተቀበሉት አንድ ዜማ ነበራቸው፤ ከእሳቸው ሌላ የሚያውቀው አልቀረም። ልጅየው ዜማው ከእሳቸው ጋር እንዳይቀበር ፈራ። ስለዚህ ግቢው ውስጥ ስቱዲዮ አሠራ። ግድግዳውን ስፖንጅ አለበሰ፣ ከባሕር ማዶ ማይክሮፎን አስመጣ፣ ደጁን በሙሉ እምነበረድ አስነጠፈ።

አባት ገብተው አዜሙ። ቅጂው ሲሰማ ግን ከድምፃቸው ሥር እምምም የሚል ነገር አለ። ዜማው ዝቅ ሲል ጨርሶ ይውጠዋል። ልጅየው ማይክሮፎኑን ለወጠ፤ እምምም። ማሽኑን ለወጠ፤ አሁንም እምምም። ገመዱ ነው ሲሉት ጩኸቱን የሚይዝ የመዳብ መረብ የለበሰ የኤሌክትሪክ ገመድ አስገዛ። እሱም ያው ሆነ። አባት በየቀኑ ይመጣሉ፤ በየቀኑም ድምፃቸው ትንሽ ትንሽ ይቀንሳል። ሰውየው ማልቀስ ቃጣው።

በመጨረሻ አንድ አዛውንት የኤሌክትሪክ ባለሙያ አስጠራ። ባለሙያው ማሽኖቹን ዞር ብሎም አላያቸው። ገመዱን በእጁ እየዳሰሰ ተከተለና ጫፉ ላይ ቆመ። መረቡ ተቆርጦ ተንጠልጥሏል።

«ይህን ማን ቆረጠው?»

«እኔ ነኝ ያስቆረጥሁት» አለ ሀብታሙ። «ከመሬት ጋር ይገናኝ ብለውኝ ነበር። ለዚያ እምነበረዱ መፍረስ ነበረበት፤ አይሆንም አልሁ። ገመዱ መረብ ከለበሰ ሌላ ምን ቀረው?»

«ጌታዬ፣ መረቡማ ሥራውን ሠርቷል። ጩኸቱን ይዞታል። የያዘውን ግን የት ያድርገው?»

አባቱ በሩ አጠገብ ተቀምጠው ይስሉ ነበር። ሀብታሙ ያን ሳል ሲሰማ ኮቱን አወለቀ። ሠራተኛ አልጠራም፤ ዶማ አንሥቶ የሚኮራበትን እምነበረድ በገዛ እጁ ሰነጠቀው። ጥቁሩ አፈር እስኪወጣ ቆፈረ። ባለሙያው ረጅም የመዳብ ዘንግ ተከለበት፣ አፈሩ ጩኸቱን በደንብ እንዲቀበል ከሰልና ጨው ጨመረ፣ ውኃ አጠጣው፣ መረቡንም በሽቦ ከዘንጉ ጋር አገናኘው።

አባት ወደ ማይክሮፎኑ ተመለሱ። ሀብታሙ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገ። እምምም የለም። ዝምታ ነው፤ እንዴት ያለ ዝምታ መሰለህ! ከውስጡ መጀመሪያ የአባቱ ትንፋሽ መጣ፣ ከንፈራቸው ሲላቀቅ ተሰማ፣ ከዚያ ዜማው። ዝቅ አለ፣ ዝቅ አለ፣ ከዚያም በታች ወረደ። አርባ ዓመት አብሯቸው ኖሮ ያንን ታች ሰምቶት አያውቅም ነበር። ያ ሁሉ ጩኸት በአንዲት ጠባብ ጉድጓድ ገባ፤ መሬቲቱም ምንም አላለች። ይህን ባወራሁ ቁጥር ሰውነቴን ይወርረኛል።

ቀሲስ አምኃ፣ መረቡ አንተ ነህ። የሰውን ጩኸት መያዝህ መልካም ነው፤ ለማንም አለመናገርህም የሚገባ ነው። የያዝኸውን ግን የት አደረግኸው? ካባ ከለበስህ ወዲህ እንዳይቆሽሽብህ ብለህ ስግደት መተውህን አይቻለሁ፤ ዓይኔ ገና አልፈዘዘም። እምነበረድህን ስበር። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ምንጣፍ የሌለበት ቦታ ፈልግና ግንባርህን አፈር አስነካ። የሰማኸውን እንባ ሁሉ፣ የሰማኸውን በደል ሁሉ አንድ በአንድ እዚያ አውርድ። ከዚያ ቶሎ አትነሣ፤ አዳምጥ። እኔ ግንባሬን አፈር አስነክቼ ያን ዝምታ የሰማሁት በሰባ ዓመቴ ነው፤ አንተ ይህን ያህል አትዘግይ።