የላባ ቁልፍ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ከዛሬ ብዙም ባልራቀ ወቅት፣ ደሴ ከተማ ውስጥ በአንድ የሙያ ማሰልጠኛ አብረው የተማሩ ሦስት ጓደኛሞች ነበሩ፤ ይመር፣ ዘሃራና ላቀው። ይመር ከባዶ መፍጠር ያውቅበታል። ዘሃራ የተሠራውን ማጥራት ታውቅበታለች። ላቀው ደግሞ የጠራውን ለሰው ማድረስ።

የማሰልጠኛው ኮምፒውተሮች አሮጌ ነበሩ። ተማሪው ማሽኑን ከፍቶ፣ ወጥቶ ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ ገና ሲያቃስት ያገኘዋል። ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉም ሥዕሉም ሒሳቡም በየራሱ መስኮት ነው የሚከፈተው። የትኛው መስኮት ከፊት ይሁን፣ የትኛው ከጎን ይቁም፣ የትኛው ይታጠፍ ብሎ የሚያስተናብር አንድ ፕሮግራም ከጀርባ አለ። በማሰልጠኛው የነበረው አስተናባሪ ጥላው፣ ቀለሙ፣ እየተንሸራተተ የሚወጣ የሚገባው ጌጥ በዝቶበት የማሽኑን ጉልበት ብቻውን ይበላው ነበር።

ይህን ያየው ይመር ተቀምጦ ዩኒክስ በሚባል የኮምፒውተር ስርዓት ላይ የሚሠራ አዲስ አስተናባሪ ጻፈ። ጌጥ የለው፣ ጥላ የለው። ሲከፈት ወዲያው ይነሳል። ስሙን ላባ አለው። ማንም ወስዶ እንዲጠቀምበት በመምህራቸው በጋሽ አረጋ ስም ኢንተርኔት ላይ ተቀመጠ። ወደ ላባ የሚገባውንና ከላባ የሚወጣውን ለውጥ የማጽደቅ ሥልጣን ቁልፉ ይባላል፤ ጋሽ አረጋ ቁልፉን ለሦስቱም አካፈሏቸው። ብዙም ሳይቆይ ይመር ሰመራ ሥራ አገኘና ሄደ። እንደ ሄደም ድምፁ ጠፋ።

ዘሃራ አርፋ መቀመጥ የማይሆንላት ሰው ነች። ምግብ ቀርቦ ሳለ ጠረጴዛው ከተወዛወዘ፣ ወረቀት አጥፋ እግሩ ሥር ካልወተፈች አትጎርስም። ላባ ደግሞ አንድ አመል ነበረበት፤ ደህና ሲሠራ ቆይቶ ድንገት ድርቅ ይላል። ተማሪው የጻፈው ሁሉ አብሮት ይጠፋል። ዘሃራ እህልም እንቅልፍም እንቢ አላት። ላባ የተጻፈበትን ኮድ መስመር በመስመር ስትፈትሽ ቆይታ ደረሰችበት። አንድ ቁራጭ ኮድ ማሽኑን ያለ ፋታ «ሰዓቱ ስንት ደረሰ? አሁንስ?» እያለ ሲጠይቅ ይውላል። ለምን እንደሚጠይቅ የተጻፈ ማብራሪያ የለም። ይመርን ብትጠይቀው አልመለሰላትም። ጠበቀች፤ መጠበቁ አንገበገባት፤ ቆርጣ ጣለችው። ላባ ከዚያ ወዲያ ድርቅ ማለቱን ተወ። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ዘሃራ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ላይ ተደግፋ ተቀመጠች።

ላቀው ኮድ መጻፉ እምብዛም ነው። ነገር ግን ላባ ለተጠቃሚው የሚናገረውን ሁሉ ወደ አማርኛ መለሰው። ከሐይቅ እስከ ወረኢሉ በየትምህርት ቤቱ እየዞረ ጫነው፣ አስተማረው። ሲደወልለትም ያነሳል። አንድ ቀን የዘመድ ጉዳይ ይዞ ከፍርድ ቤቱ በር ፊት ለፊት ማመልከቻ ወደምትጽፍ አንዲት ሴት ሄደ። ኮምፒውተሯ በርቷል፤ ሴትየዋ ግን እጇን ጭኗ ላይ ጥላ ተቀምጣለች። ባለጉዳዮቹ ወደ ጎረቤቷ ጸሐፊ እየተሻገሩ ነው።

«ምነው እትዬ፣ አይሠራም እንዴ?» አላት።

«ላባ የሚባለው ነገር ሥራዬን ነሳኝ፤ ራሱን አደስኩ ካለ ወዲህ» አለችው።

ላቀው ሌላ አልጠየቀም። ማሰልጠኛው ሄዶ ዘሃራን ከወንበሯ አስነሳት።

«ተነሽ እንሂድ።»

«ወዴት?»

«ነይ ብቻ።»

ሴትየዋ እታፈራሁ ትባላለች። ቀኝ እጇ በመኪና አደጋ ሰልሏል። ዘሃራ አጠገቧ በርጩማ ስባ ስትቀመጥ፣ እታፈራሁ ግራ እጇን ኪቦርዱ ላይ ዘረጋች።

«መስኮት ለመቀየር ሁለት የተራራቁ በተን ባንዴ ተጫኚ ይለኛል። በየትኛው እጄ ልጫን? ድሮ አንዱን ስጫን ይጠብቀኝ ነበር፤ ቀጥዬ ሁለተኛውን እጫናለሁ።»

ዘሃራ ያኔ ገባት። ያ ሰዓት ሲጠይቅ የሚውለው ኮድ ለካ ይህችን ሴት ነበር የሚጠብቀው።

«ማን ነው እንደዚያ ያደረገልሽ?» አለች፣ መልሱን እየፈራች።

«ወንድሜ ነዋ። ይመር።»

ወሬው ሰመራ ደረሰ። ይመር እንደ እሳት ነደደና የተቆረጠውን እዚያው ሆኖ መለሰው። የእህቱ ሥራ ተቃና፤ በየትምህርት ቤቱ ግን ማሽኖቹ እንደገና ይደርቁ ጀመር። ዘሃራ መልሳ ቆረጠችው። ትምህርት ቤቶቹ ተቃኑ፤ እታፈራሁ እንደገና ሥራ ፈታች። ላቀው መሐል ገብቼ ላስታርቅ ብሎ ሁለት ላባ አወጣ፤ አንዱን ለእታፈራሁ፣ አንዱን ለተማሪው። መምህራኑ የቱ የቱ እንደሆነ ጠፍቷቸው አንዱን በሌላው ጫኑት። ወረኢሉ ላይ ልጆች የዓመቱን ማጠቃለያ ሥራ ሲሠሩ ማሽኖቹ ደርቀው ሁሉም ጠፋ። የልጆቹ ወላጆች መጥተው ማሰልጠኛው በር ላይ ጮኹ።

ጋሽ አረጋ ቁልፉን ከሦስቱም ነጠቁ። «አንድ ጎጆ በሦስት አባወራ አይቆምም» አሉ፤ «ከዛሬ ጀምሮ ሳላየው የሚገባ ነገር የለም።»

ዘሃራ ግን ማረፍ አቃታት። ማንም ሳያዛት በየቀኑ ፍርድ ቤቱ በር እየሄደች እታፈራሁ ጎን ተቀመጠች። ጣቶቿን አየች። የመጀመሪያው በተን ሲነካ፣ ሴትየዋ አንዳንዴ ባለጉዳይ ታነጋግራለች፣ አንዳንዴ ወረቀት ታገላብጣለች፣ ሁለተኛው እስኪነካ የሚያልፈው ጊዜ ልክ የለውም። ድንገት ዘሃራ ከበርጩማዋ ተነሳች።

«ምን ሆንሽ አንቺ ልጅ?»

«እትዬ፣ ላባ ለምን ሰዓት ይጠይቃል? ይተኛ! ጣትሽ ራሱ ይቀስቅሰው!»

ሮጣ ሄዳ ጻፈችው፤ ላባ የመጀመሪያውን በተን አስታውሶ ይተኛል፣ ሁለተኛው ሲነካ ብቻ ይነቃል። ጋሽ አረጋ አይተው አስገቡት። ላባ በአሮጌው ማሽን ላይ ሳይደርቅ ዋለ፤ እታፈራሁም በአንድ እጇ ማመልከቻ ስትጽፍ ዋለች። ባለጉዳዮቿ ተመለሱ። ሁለቱ ላባዎች አንድ ሆኑ።

ታዲያ ነገሩ እዚህ ላይ አላበቃም። የጋሽ አረጋ ጡረታ ደረሰ። ላባን የሚፈልጉ ትምህርት ቤቶችም በዙ፤ ለጥፋቱም ለልማቱም የሚጠየቅ አንድ ሰው አሳውቁን አሉ። ይመር ከሰመራ መጣ። ሦስቱም ጋሽ አረጋ ቢሮ ተቀመጡ፤ እታፈራሁም ተጠርታ መጥታለች።

ይመር ጀመረ። «እኔ ባልፈጥረው ምኑን ታጠሩት፣ ምኑን ታደርሱት ነበር? የእህቴን እጅ አይቼ ነው የሠራሁት። ያንን ሐሳብ ማናችሁም አላሰባችሁትም።»

«ፈጥረህ ጥለኸው ሄድክ» አለች ዘሃራ። «ስጠይቅህ ዝም አልክ። የእህትህንም እጅ፣ የልጆቹንም ሥራ አንድ ላይ ያዳነው የእኔ እጅ ነው።»

ላቀው ቀስ ብሎ ተናገረ። «ይመር ሲሠራ ተማሪውን አልጠየቀም። አንቺ ስትቆርጪ ተጠቃሚውን አልጠየቅሽም። እኔ በዚያ ባላልፍ፣ እትዬ ማሽኗን ዘግታ ቤቷ በገባች፤ አንቺም እስከ ዛሬ ደግ ሠራሁ ብለሽ በተቀመጥሽ።»

ዘሃራ ነገሩን በልቧ መዘነች። የላቀው ንግግር እውነት ነው። የይመርም እውነት ነው። የራሷም እውነት ነው። ቁልፉን ቢሰጧት፣ ነገ አንድ ያልገባትን ኮድ ስታይ እጇ እንደማይቸኩል መማል አትችልም። ባይሰጧት ደግሞ፣ ሌላ ሰው ላባን በጌጥ ሲያወፍረው ቁጭ ብላ ማየቱን እንደማትችለው ታውቃለች። ተነሳች፤ ወደ መስኮቱ ሄደች፤ ተመልሳ ተቀመጠች፤ ደግሞ ተነሳች።

ጋሽ አረጋ ወደ እታፈራሁ ዞሩ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እኔን አታስፈርዱኝ ጋሼ» አለች። «አንዱ ወንድሜ ነው። ሌሎቹን ደግሞ ወንድሜና እህቴ አድርጌያቸዋለሁ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። ቁልፉ አንድ ነው። ለአንዱ ሲሰጡት ለሁለቱ እንደ ነፈጉ ያውቃሉ።

እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ፣ በጋሽ አረጋ ወንበር ብትቀመጡ፣ የላባን ቁልፍ ለማን ትሰጡ ነበር? እህቱን አይቶ ለፈጠረው ነው፣ ሳታርፍ ላዳነችው፣ ወይስ የሰው ችግር ዓይኑ ውስጥ ለገባው?