ደፍ ላይ የምትተኛው ውሻ

«ዳማ አንድ ጊዜ ብቻ ታሽትትሽ፣ የኔ ልጅ። ሰኮናሽን ብቻ አውጪላት» አለች እመት አህያ።

ቦቃ አላወጣችም። ጭራሽ አፍንጫዋን ገለባው ውስጥ ቀበረች።

እመት አህያ የታመሙ ግልገሎች እስኪያገግሙ የሚተኙበትን ቤት ትጠብቃለች። ቦቃ ደግሞ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት የበግ ግልገል ናት። ከወር በፊት ውሻ የኋላ እግሯን ነክሷት እያነከሰች መጣች። ቁስሉ ደርቋል። እግሩ ድኗል። እሷ ግን አልተነሳችም። ከተከፈተው በር ሳንቃ ጀርባ፣ ከግድግዳው ጥግ፣ ማንም በማያያት ቦታ ተኝታ ትውላለች።

ዛሬ ዓርብ ነው። እሁድ መንጋው ወደ ቆላ ይወርዳል። እናቷም ትወርዳለች። በእግሩ የማይቆም ግልገል ግን አይወርድም፤ መንጋው እስኪመለስ እዚሁ ይቀራል።

ጎብኚዋ ደጅ ነች። ዳማ ትባላለች፤ አሮጊት ውሻ። ማክሰኞና ዓርብ ትመጣለች። ግድ ያላት የለም፤ አጥንት እንኳ የሚሰጣት የለም። ግልገሎቹ ከሩቅ እንዲያውቋት አንገቷ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስራለች። ስትደርስ ግን አትገባም። ከደፉ ውጭ ትተኛለች፣ አገጯን መሬት ላይ ታሳርፋለች፣ ግቢ እስክትባል ትጠብቃለች። አንድ ማክሰኞ ዝናብ እየወረደባት ጠብቃለች።

ቦቃ ይህን ሁሉ አይታለች። በሳንቃውና በመቃኑ መካከል የገለባ ስፋት ያላት ስንጥቅ አለች። የፈራ ዓይን ብዙ ያያል።

«እማማ ዳማ፣ ግቢ» አለ ቀንዶ፣ ትከሻው ወልቆ የታሸው የፍየል ግልገል።

ዳማ ገባች። ሆዱን ነፍቶት የተኛው ጥጃ ሊያቅፋት ተንደረደረ።

«ቆይ» አለች ዳማ። «ምን ተባባልን?»

«መጀመሪያ መጠየቅ» አለ ጥጃው።

«ከዚያስ?»

«ማስሸተት። ከዚያ መዳሰስ። ከጎን ነው፣ ከራስ በላይ አይደለም።»

«የሚበላ ውሻስ?»

«አይነካም።»

«የተኛስ? ቡችሎቿን ያቀፈችስ?»

«አይነኩም።»

«አንተስ ቀንዶ፣ የማታውቀው ውሻ እየሮጠ ቢመጣብህ?»

«እሮጣለኋ።»

«በል ሩጥ። አንተም አራት እግር አለህ፣ እኔም አራት አለኝ። የኔ ግን ሲያባርር የኖረ ነው።»

ጥጃው ሳቀ። ቀንዶ አኮረፈ።

«እሺ፣ እንደ ዛፍ እቆማለሁ። ዓይን ዓይኑን ሳላይ።»

«እንዲህ በላ። ዛፍ ያሳደደ ውሻ አላየሁም። የሸናበት ግን አይቻለሁ።»

እመት አህያ ሳትቀር ሳቀች። ከሳንቃው ጀርባ ግን ሳቅ አልተሰማም።

ዳማ ወደዚያው ተጠጋች። ፊቷን አላዞረችም፤ ጀርባዋን ለሳንቃው ሰጥታ ተኛች።

«ቦቃ፣ የነከሰሽ ውሻ ያን ጊዜ ምን ያደርግ ነበር?»

ገለባው ተንኮሻኮሸ።

«አጥንት ይዞ ነበር» አለ ቀጭን ድምፅ። «ከኋላው ሄድኩ። ልጫወት ብዬ።»

«አይኬድም ብሎ የነገረሽ አልነበረም።»

«አልነበረም።»

«ታዲያ ምን ጥፋት አለብሽ?»

ዳማ እንደተኛች ቆየች። ትንፋሿ በስንጥቁ ይሰማል፤ ቀስ ይላል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ቀስ ይላል። ቦቃ ስታዳምጥ ቆይታ የራሷም ትንፋሽ አብሮ ቀስ ሲል ታወቃት። ፍርሃቷ አልሄደም። ግን ተቀመጠ።

«እሁድ ከእናትሽ ጋር ብትወርጂ ደስ ይለኛል» አለች ዳማ ስትነሳ። «ባትወርጂም ማክሰኞ እመጣለሁ።»

ቦቃ ያላወቀችው አንድ ነገር ነበር። ከቤቱ ፊት ለፊት ካለው ቁጥቋጦ ውስጥ ሌላም ዓይን ቤቱን ያይ ነበር። የቀበሮ።

«አያ ጅቦ» አለች ቀበሮ ወዲያው ጅብ ዘንድ ሄዳ፣ የሰማችው ሳይቀዘቅዝ። «በሩ ለቀይ ጨርቅ ይከፈታል።»

«ጨርቅ አልበላም» አለ ጅብ።

«አትበላውም። ቀይ ጨርቅ አግኝቼልሃለሁ፤ አንገትህ ላይ ታስረውና ውሻ ትሆናለህ።»

«ውሻ ምን ይሠራል?»

«ይገባል። ግልገሎቹ ይከቡታል። ይዳስሱታል። ይወጣል።»

«የሚበላቸው መቼ ነው?»

«አይበላቸውም።»

ጅብ ብዙ አሰበ። «ታዲያ ለምን ይመጣል?»

«እሱን አላወቅኩም» አለች ቀበሮ፤ ለአንድ ጊዜ እውነቷን ነበር። «አንተ ብቻ ግባ። ሲያዩህ ይበረግጋሉ። ውስጥ የቀረው ያንተ፣ ሮጦ የወጣው የኔ።»

«ወፍራሙ ከወጣስ?»

«ወፍራም መቼ ይሮጣል፣ አያ ጅቦ?»

ጅብ ይህን ወደደው።

ቅዳሜ ጠዋት ጭጋግ ወርዷል። እመት አህያ ውሃ ልታመጣ ወንዝ ሄዳለች፤ በሩን አየር እንዲገባ ከፍታዋለች። በጭጋጉ ውስጥ ቀይ ጨርቅ ታየ።

«እማማ ዳማ ነች» አለ ጥጃው። «ዛሬ ቀኗ ነው እንዴ?»

«ዳማን አሟታል። እኔ የእህቷ ልጅ ነኝ» አለ ጎርናና ድምፅ። ድምፁ ሳያልቅ ባለቤቱ ገብቶ ነበር።

ቀንዶ አፍንጫውን ነፋ። ሽታው ሌላ ነው። ቢሆንም እንደተማረው ጠየቀ።

«አጎቴ፣ መዳሰስ ይቻላል?»

«ይቻላል፣ ይቻላል። ሁላችሁም ቅረቡ። ወፍራሙ ይቅደም።»

ጥጃው ወፍራሙ ማን እንደሆነ ያውቃል። አንድ እርምጃ ቀረበ።

ቦቃ በስንጥቁ ያየችው እግር ብቻ ነበር። አራት እግር፣ ማንም ሳይጠራው ደፉን አልፎ ሲገባ።

«ቁሙ» አለች። «እንደ ዛፍ።»

ጥጃው ቆመ። ቀንዶ ቆመ። ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። ጆሯቸው ብቻ ይርገበገባል። የዛፍም ቅጠል ነፋስ ሲመጣ ይርገበገባል።

ጅብ ግራ ገባው። እሱ የሚያውቀው የሚሮጥ ነው። የሚሮጠውን ያባርራል፣ የወደቀውን ይይዛል። ቆሞ የሚጠብቀው ምግብ አጋጥሞት አያውቅም። ወጥመድ መሰለው።

«ለምን አትሮጡም?»

«ተምረናል» አለ ቀንዶ መሬት መሬቱን እያየ።

«አጎቴ» አለች ቦቃ ከሳንቃው ጀርባ። ድምፅዋ እንዳይሰበር ቀስ ብላ ነው። «አንተ ውሻ ነህ አይደል?»

«ነኝ። ጨርቁን አታዪም?»

«እንግዲያው ደንብ ዘለህ ገባህ። ውሻ መጀመሪያ ከደፉ ውጭ ይተኛል። አገጩን መሬት ያስነካል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። የሚገባው ሲጠራ ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ወፍራሙ ራሱ ይመጣለታል።»

ጥጃው ይህን ሰምቶም አልተንቀሳቀሰም።

«ራሱ?» አለ ጅብ።

«ራሱ። በእግሩ።»

ጅብ ምራቁን ዋጠ። በዕድሜው ሙሉ ሲያሳድድ ኖሮ፣ ለካ እንዲህም አለ። ወደ ኋላው እየሄደ ደፉን አለፈ። ተኛ። አገጩን መሬት አስነካ። ዓይኑን ጨፈነ።

ሌሎቹ ከበሩ ፊት ለፊት ናቸው፤ አንድ እግር ቢያነሱ ኮቴያቸውን ይሰማል። ሳንቃውን መግፋት የሚቻለው ከጀርባው ነው። ከጀርባው ያለችው ደግሞ አንዲት ናት።

ቦቃ የፊት እግሮቿን ዘረጋች። ገለባው እንዳይንኮሻኮሽ ትንፋሿን ያዘች። ጤነኛውን የኋላ እግር ተከለች። ቀጥሎ ያንን። ይከዳኛል ብላ ወር ሙሉ የፈራችው እግር ነው። ተጫነችው። ተሸከማት።

ውጭ ቁጥቋጦው ተነቃነቀ።

«አያ ጅቦ» አለች ቀበሮ በሹክሹክታ። «ምን ሆነህ ነው የተኛኸው?»

«ዝም በይ» አለ ጅብ ዓይኑን ሳይገልጥ። «እስክጠራ ነው።»

ቦቃ ግንባሯን ሳንቃው ላይ አሳረፈችና ገፋች። በሩ ተዘጋ፤ መቀርቀሪያውም ወደ ቦታው ወደቀ።

ከዚህ የምንማረው ወዳጅ የሚለየው አንገቱ ላይ ባሰረው ሳይሆን ግባ እስኪሉት ደጅ በመጠበቁ እንደሆነ፣ እንዲህ ያለው ወዳጅም ሳይነካን ሊያቆመን እንደሚችል ነው።