የሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጉድጓዶች መዝገብ እና የደረቀው ማኅተም

ተረት ልጀምር። "የምን ተረት?" በሉኝ። የትልልቅ ሰዎች ተረት። "ትልቅነታቸው በምንድን ነው?" በወንበራቸው። እንግዲያው ስሙ።

በአንዲት የስምጥ ሸለቆ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር እልፍነሽ የምትባል መምህርት ነበረች። አራት ዓመት ሙሉ ጠርሙስ ተሸክማ ቀበሌ ለቀበሌ ዞራ የሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጉድጓዶችን ውሃ ለካች። የትኛው ውሃ የልጆችን ጥርስ እንደሚያበልዝ፣ የትኛው እንደማያበልዝ፣ ከነጥልቀቱ መዘገበች። ከዚያ ጽፋ ለአንድ መጽሔት ላከች። መጽሔቱም መለሰላት፤ "ጽሑፍሽ ጥሩ ነው። ግን መዝገቡን ማንም ከፍቶ ሊያየው በሚችልበት ቦታ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጪና አድራሻውን ላኪልን። እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ካልደረሰን ሰርዘነዋል።"

የፈለገችው ይህችን ታህል ነው። አንድ ፋይል፣ አንድ ቦታ፣ አንድ አድራሻ። ሰኞ ለቤተ መጻሕፍቱ አመለከተች። ማክሰኞ ዝም፣ ረቡዕ ዝም፣ ሐሙስ ዝም። ዓርብ ጠዋት ራሷ ሄደች።

በሩ ላይ አንሶላ የሚያክል ባነር ተሰቅሏል፤ "ዳታዎን ያጋሩ! እኛ እናግዝዎታለን!" ይላል። ከባነሩ ሥር የክፍሉ ኃላፊ አቶ ደጀኔ ተቀምጧል። ይህ ሰውዬ መረጃ ስለ ማጋራት ሦስት ጊዜ ሆቴል ገብቶ ሠልጥኗል፤ ሦስቱንም ጊዜ ይዞ የተመለሰው ቦርሳ ነው።

"አቶ ደጀኔ፣ ያመለከትኩት ነገር…"

"አይቼዋለሁ ዶክተር። መጫኑ እንኳ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።"

"እንግዲያው ይጫኑልኛ!"

"ያለ ምርምር ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ? እንዴት ተደርጎ!"

"ራሴ ሌላ ቦታ ላስቀምጠው?"

"መመሪያው ይከለክላል። የዩኒቨርሲቲው መረጃ የሚወጣው በእኛ በኩል ብቻ ነው።"

እናግዝዎታለን ማለት ለካ ይሄ ኖሯል። መንገድ ላይ ተጋድሞ "በእኔ በኩል እለፉ" ማለት!

ጽሑፉ ያለ መዝገብ አይታተምም፤ መዝገቡ ያለ ደብዳቤ አይጫንም።

እልፍነሽ ወደ ምርምር ጽሕፈት ቤት ሮጠች። ጸሐፊዋ ወይዘሮ አስካለ ደብዳቤውን ወዲያው ጽፋ፣ አስፈርማ ጨረሰች። እልፍነሽ እጇን ስትዘረጋ ወይዘሮ አስካለ ወረቀቱን ወደ ደረቷ ሳበችው።

"ቆይ እንጂ የኔ ልጅ፣ ማኅተም የለውም።"

"ይምቱበታ!"

ወይዘሮ አስካለ ማኅተሙን አንስታ "ሃህ! ሃህ!" ብላ ተነፈሰችበት። ጠረጴዛው እስኪንቀጠቀጥ መታችው። ወረቀቱ ላይ የቀረው ነገር እርጥብ ብርጭቆ ተቀምጦበት የተነሣ ይመስላል።

"ቀለሙ ደርቋል። ደጀኔ ደግሞ ክቡ ዙሪያውን ካልታየው አይቀበልም። ባለፈው የአንዱን 'ግማሽ ጨረቃ ነው' ብሎ መልሶብኛል።"

"ከስቴሽነሪ ገዝቼ ልምጣ?"

"የሱቅ ቀለም ለመንግሥት ማኅተም? ስሚኝ አንቺ፣ ከሥራዬ ልታስባርሪኝ ነው? ከዕቃ ግምጃ ቤት ነው የሚወጣው።"

መረጃው በአንድ ጠቅታ ዓለምን ይዞራል የተባለበት ዘመን ነው እንግዲህ። ጣት የምታህል የቀለም ብልቃጥ ጠፍታ ቆሟል።

ጽሑፉ ያለ መዝገብ አይታተምም፤ መዝገቡ ያለ ደብዳቤ አይጫንም፤ ደብዳቤው ያለ ማኅተም አይጸናም፤ ማኅተሙ ያለ ቀለም አይመታም።

ግምጃ ቤት ስትደርስ በሩ ተቆልፏል። ዘበኛው ጥላ ሥር ተቀምጦ ጥርሱን ይፍቃል።

"ግምጃ ቤቱን የያዙት ጋሽ ገመቹ የት ናቸው?"

"ለዓርብ ምሳ ወጣ።"

"ዘጠኝ ሰዓት ሆነ'ኮ!"

"የዓርብ ምሳ ረጅም ነዋ።"

"ሌላ ቁልፍ የለም?"

"አለ እንጂ።"

"የት?"

"ውስጥ።" አለና መፋቂያውን ወደ ሌላው ጉንጩ አዛወረ።

ጽሑፉ ያለ መዝገብ አይታተምም፤ መዝገቡ ያለ ደብዳቤ አይጫንም፤ ደብዳቤው ያለ ማኅተም አይጸናም፤ ማኅተሙ ያለ ቀለም አይመታም፤ ቀለሙ ያለ ቁልፍ አይወጣም፤ ቁልፉ ያለ ጋሽ ገመቹ አይመጣም። የሁለት ደቂቃ ሥራ!

ቤቱን ከዘበኛው ጠይቃ፣ ባጃጅ ይዛ ከተማው ጫፍ፣ ጋሽ ገመቹ ግቢ ደረሰች። ሰውዬው የአፈር ቁልል አጠገብ እግሩን አንፈራጦ ቆሟል። ወገቡ ላይ ገመድ ጠምጥሟል፤ የገመዱ ጫፍ ጉድጓድ ውስጥ ገብቷል።

"ጋሽ ገመቹ፣ በፈጠረዎት! የማኅተም ቀለም!"

"ዶክተር፣ ገመዱ ላይ ሰው አለ። ቦሩ ታች እየቆፈረ ነው። ልልቀቀው?"

እልፍነሽ ከጠዋት ጀምሮ የሰማችው የመጀመሪያው እውነተኛ ምክንያት ይሄ ነው።

"ቁልፉን ይስጡኝና እኔ ልክፈት።"

"ቁልፍማ አልሰጥም። ነገ ዕቃ ጎደለ ቢባል የምጠየቀው እኔ ነኝ።"

"መቼ ትጨርሳላችሁ?"

"አሥራ አንድ ሜትር ላይ ውሃ ማፍለቅ ጀምሯል። ግን ሃያ አምስት ሳንገባ አናቆምም። የልጅ ልጆቼ የሚጠጡት ነው፤ ጥልቅ ውሃ ንጹሕ ነው።"

ጽሑፉ ያለ መዝገብ አይታተምም፤ መዝገቡ ያለ ደብዳቤ አይጫንም፤ ደብዳቤው ያለ ማኅተም አይጸናም፤ ማኅተሙ ያለ ቀለም አይመታም፤ ቀለሙ ያለ ቁልፍ አይወጣም፤ ቁልፉ ያለ ጋሽ ገመቹ አይመጣም፤ ጋሽ ገመቹ ገመዱን አይለቅም፤ ገመዱም ሃያ አምስት ሜትር ሳይገባ አይወጣም።

እልፍነሽ ግን ከዚህ ሁሉ አንዲት ቃል ጆሮዋ ውስጥ ቀረች።

"ሃያ አምስት አሉ? እዚህ ሰፈር?" ላፕቶፗን የአፈሩ ቁልል ላይ ከፈተችው። "ይኸውልዎት፣ እዚሁ ሰፈር የለካሁት። ጉድጓድ ቁጥር ሰማንያ ስምንት። ሃያ ስድስት ሜትር፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ። ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይድ ከልክ በላይ አምስት እጥፍ።"

ጋሽ ገመቹ ገመዱን ሳይለቅ አንገቱን አሰገገ። "ከትምህርት ቤቱ ጀርባ? ይሄማ የዋቆ ነው! የዋቆ ልጆች ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው የሚሸፍኑት…"

"ስም አልጻፍኩም። ቁጥር ዘጠና ሁለትን ይዩ፤ ከእርስዎ አጥር ሁለት ቤት አልፎ፣ አሥር ሜትር። ከልክ በታች። ዘጠና አራትም አሥራ ሁለት ሜትር፣ ከልክ በታች። እዚህ ሰፈር ከሃያ ሜትር ያለፈው በሙሉ የሚያበልዝ ነው።"

ጋሽ ገመቹ ጉድጓዱን አየ፤ ስክሪኑን አየ። ፊቱ ጠቆረ።

"አንቺ ልጅ፣ ይህን እያወቅሽ ዝም ትያለሽ? የት ተጽፎ ነው እኛ የማናየው?"

"የትም! እሱን ላስጽፍ አይደል ከጠዋት ጀምሮ የሰው ደጅ የምጠናው!"

"ቦሩ! ይብቃህ፣ ውጣ!"

ጋሽ ገመቹ ገመዱን ሳበ፤ ገመዱ ቦሩን አወጣ፤ ባጃጁ ጋሽ ገመቹን ከነጭቃው አመጣ፤ ጋሽ ገመቹ ቁልፉን አዞረ፤ ቁልፉ በሩን ከፈተ፤ በሩ ቀለሙን ለቀቀ፤ ቀለሙ ማኅተሙን አራሰ፤ ማኅተሙ ደብዳቤውን መታ፤ ደብዳቤው አቶ ደጀኔን ከወንበሩ አስነሣ፤ አቶ ደጀኔ ክቡን ዙሪያውን በጣቱ ተከትሎ ሲያበቃ መዝገቡን ጫነ፤ መዝገቡ አድራሻ አገኘ፤ አድራሻው ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ መጽሔቱ ዘንድ ገባ። መጫኑ ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም፤ አንድ ተኩል።

ከሳምንት በኋላ ጽሑፉ እንደሚታተም የሚገልጽ መልስ መጣላት።

ጋሽ ገመቹ ግን የዚያኑ ዓርብ እዚያው አቶ ደጀኔ ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ፣ የአድራሻውን ፊደል አንድ በአንድ ስልኩ ላይ ጽፎ ከፈተው። አየው። ከዚያ ለዕድሩ አባላት በሙሉ ላከው።

ሰኞ ጠዋት አቶ ደጀኔ ኮምፒውተሩን ሲከፍት የተመልካች ቁጥር አየ። በስድስት ዓመት ውስጥ ከዚህ ክፍል የወጣ አንድም ነገር ከሦስት ሰው በላይ ከፍቶት አያውቅም፤ ከሦስቱ አንዱ ራሱ ነው። አሁን ግን መቶ አርባ አንድ ይላል። ደንግጦ ስልክ አነሣ።

"ዶክተር እልፍነሽ፣ ችግር ተፈጥሯል። መቶ አርባ አንድ ሰው ከፍቶታል!"

"ታዲያ ምኑ ነው ችግሩ?"

"ማን ፈቀደላቸው?"

ተረቴን አቀብሉት ለሌላ፤ ሰው በከንቱ አይጉላላ።