አንድ ድንጋይ፣ ሁለት ፈተና

አንድ ንጉሥ በየክረምቱ ሰው በሚወስድ ወንዝ ላይ ድልድይ ሊያሠራ ተነሣ። ድንጋዩ ከአጠገቡ ካለው ገደል ይወጣል። ንጉሡም ገላነውና ቢምረው የተባሉ ሁለት ስመ ጥር ግንበኞችን ጠርቶ፣ «ይህ ድንጋይ ስንጥቅ ሲጀምረው ምን ያህል ይቋቋማል? ለየብቻችሁ ፈትናችሁ ንገሩኝ» አላቸው።

በወሩ ሁለቱም ቀረቡ።

«ጃንሆይ፣ ደካማ ነው። በአራት ጆንያ አሸዋ ለሁለት ተከፈለ» አለ ገላነው።

«ኧረ ጠንካራ ነው፣ ጃንሆይ! እስከ አሥር ጆንያ ችሏል» አለ ቢምረው።

ንጉሡ ተቆጣ። «አንዳችሁ ዋሽታችሁኛል። የዋሸው ከአገሬ ይውጣ!»

ከአንድ መምህር ሥር አብረው ያደጉት ሁለቱ ጓደኛሞች በዓይን እንኳ መተያየት አቃታቸው። ያን ጊዜ ይታክቱ የምትባል ድንጋይ ፈላጭ ፍርዱን ሊሰማ ከተሰበሰበው ሕዝብ መካከል ወጣች። «ጃንሆይ፣ ከመፍረድዎ በፊት አንድ ነገር ልጠይቃቸው። ወንድሞቼ፣ ድንጋዩን እንዴት አድርጋችሁ ፈተናችሁት?»

ገላነው ድንጋዩን እንደ አግዳሚ አስረዝሞ ጠርቦ፣ ከሥሩ በመሮ ትንሽ ስንጥቅ አውጥቶ፣ ጫፍና ጫፉን በሁለት ጉልቻ ላይ አስተኝቶ ነበር መሐሉን የጫነው። ቢምረው ደግሞ እንደ መንኮራኩር ክብ አድርጎ፣ መሐሉ ላይ ስንጥቅ አውጥቶ፣ በጠርዙ አቁሞ ከላይ ጭኖታል።

«እንግዲያው አዲስ ድንጋይ ጠርባችሁ አፈታተናችሁን ተለዋወጡ!» አለች ይታክቱ።

በማግስቱ አደባባዩ ሞላ። ገላነው ክቡን ድንጋይ አቁሞ ጆንያ መደርደር ጀመረ፤ ሕዝቡም አብሮ ይቆጥራል። አራት! ሰባት! ዘጠኝ! ድንጋዩ የተከፈለው አሥረኛው ላይ ነበር። ተራው የቢምረው ሆነ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት... ቋ! አግዳሚው ለሁለት ተከፍሎ ወደቀ። አደባባዩ በእልልታ ተናወጠ፤ ገላነውም እየሮጠ ሄዶ ጓደኛውን አንገቱን አቀፈው።

ንጉሡ ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ «ታዲያ እውነቱ የቱ ነው?» አለ።

«ሁለቱም፣ ጃንሆይ። ድንጋዩ የመለሰው እንደ አጠያየቃቸው ነው። አሁን ድልድዩ ላይ በሚቀመጥበት አኳኋን እንጠይቀው» አለች ይታክቱ።

ሦስቱ አንድ ላይ ሆነው ድንጋዮቹን እንደ ቀስተ ደመና አጉብጠው በመደርደር ትንሽ ቅስት ሠርተው ፈተኑ። ሃያ ጆንያ ጭነውበት ንቅንቅ አላለም! ድልድዩም በቅስት ተሠራ። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ፣ ሰው ከነከብቱ በላዩ ተሻገረ።

ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ነገር የተለያየ ቢናገሩ፣ አንዱን ውሸታም ከማለታችን በፊት እንዴት እንደለኩት እንጠይቅ። ሰውም ቢሆን በአንዱ ፈተና ይሰበርና በሌላው ይጸናል። በአንድ ፈተና ብቻ አይተን «ደካማ ነው» ብለን የተውነው ስንቱን ይሆን?