በማየትና በመተኛት መካከል ያለችው ቅጽበት

አንድ ጊዜ በአንድ ትልቅ ወንዝ ዳር የሚኖሩ እንስሳት ግድብ ሠርተው ነበር። የግድቡን በሮች የሚከፍትና የሚዘጋ ኮምፒውተር በዋሻ ውስጥ አስቀምጠው ነበር። ኮምፒውተሩ ምን መሥራት እንዳለበት የሚነግረውን ፕሮግራም፣ «ሲ» በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ከአርባ ክረምት በፊት የጻፈችው ኤሊ ነበረች።

እንስሳቱ በፕሮግራሙ መገረማቸውን አላቆሙም። በየቀኑ ውኃ እየለካ ለየመስኩ ያከፋፍላል፤ ሲጨርስ ይተኛል። ጦጣ ደግሞ ከግድቡ በላይ ባለ ረጅም ዋርካ ላይ ተቀምጣ ወንዙን ትጠብቃለች። ጎርፍ ሲመጣ ካየች ዛፉ ላይ የታሰረውን ቁልፍ ትጫናለች፤ ጥሪውም በሽቦ ወደ ዋሻው ይደርሳል። ፕሮግራሙ የያዘውን ሥራ በመሀል ያቆማል። «ጥሪ መጥቷል» ብሎ ምልክት ያደርጋል። ከዚያ ወደ ተወው ሥራ፣ እዚያው ማከፋፈሉን ወዳቆመባት ጠብታ ይመለሳል። ሥራውን ሲጨርስ ምልክቱን ያይና ወደ ገደሉ የሚያወጣውን በር ይከፍታል፤ ጎርፉም መስኩን ሳይነካ ያልፋል። ሥራውን በመሀል አቋርጦ፣ የት እንደነበረ ሳይረሳ የሚመለስ ፍጡር በዚያ ጫካ ሌላ አልነበረም።

አንድ ቀን ጠዋት ግን ጎርፍ መጣ፤ በሩ አልተከፈተም። ውኃው ታችኛውን መስክ ሞልቶ የአህያን ውርንጭላ ይዞት ሄደ። ውርንጭላው ዛፍ ላይ ተሰክቶ በሕይወት ተገኘ፤ አንድ እግሩ ግን ተሰብሮ ነበር።

የጫካው ሕግ የታወቀ ነው። ጥበቃ ላይ የተኛ ለጅብ ይሰጣል። ስለዚህ ጦጣን ከዋርካው አውርደው አንበሳ ፊት አቆሟት።

«ጦጢት፣ ተኝተሽ ነበር?» አለ አንበሳ።

«አልተኛሁም ጃንሆይ! ጎርፉን እንዳየሁ ቁልፉን ተጫንኩ። በዚህ ጣቴ!»

«ውሸቷን ነው!» አለ ጅብ ምራቁን እየዋጠ። እሱ የዋሻው ዘበኛ ነው። «በዓይኔ ነው ያየሁት። ማሽኑ ተኝቶ ጥሪ ይጠብቅ ነበር። ጥሪ ቢመጣ ኖሮ አይነቃም? አርባ ክረምት ሙሉ ተሳስቶ ያውቃል? ጃንሆይ፣ እባክዎ ቶሎ ይፍረዱ፤ ቁርሴን አልበላሁም።»

«አያ ጅቦ፣ የመጣኸው ለምስክርነት ነው ለቁርስ?» አለ ቀበሮ።

«ለሁለቱም» አለ ጅብ ሳያፍር።

አህያ ወደ ጦጣ ዞረች። «ልጄን ታች መስክ የማሰማራው አንቺን አምኜ ነበር እኮ፣ ጦጢት።»

ጦጣ እንባዋ ወረደ።

ቀበሮ ይህን አይቶ ተነሣ። «ጃንሆይ፣ እስከ ቀትር ጊዜ ይስጡኝ» አለ። አንበሳም ፈቀደለት።

ቀበሮ ወደ ዋሻው ሲገባ ኤሊን ብቻዋን ማሽኑ አጠገብ ተቀምጣ አገኛት። ፕሮግራሙን መስመር በመስመር ማንበብ ጀመረ።

«እማማ ኤሊ፣ እዚህ ላይ ‹ሲግሆልድ› ይላል። ምን ማለት ነው?»

«ጆሮህን ድፈን ማለት ነው ልጄ። ውኃ በሚለካበት ጊዜ ጥሪ እንዳያናጥበው ነው። ጥሪው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ አይጠፋም።»

«‹ሲግሬልስ›ስ?»

«ጆሮህን ክፈት። በር ላይ የቆመው ጥሪ ካለ ያን ጊዜ ይገባል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምልክት መኖሩን ያያል። ካለ በሩን ይከፍታል። ከሌለ ጥሪ እስኪቀሰቅሰው ይተኛል።»

ቀበሮ ጥፍሩን በሁለት መስመሮች መካከል አሳረፈ። ሁለቱ መስመሮች ተጠጋግተው ስለነበር ጥፍሩ ሁለቱንም ነካ። «ምልክት አለመኖሩን ካየ በኋላ፣ ገና ሳይተኛ፣ እዚህ መካከል ላይ ጥሪ ቢመጣስ?»

ኤሊ አንገቷን ወደ ድንጋይዋ ሳበች። ከውስጥ ሆና ተናገረች። «አዲሱ የመመሪያ መጽሐፍ እነዚህ ትእዛዞች አርጅተዋል፣ በአዲስ ፕሮግራም አትጻፏቸው ይላል። አንብቤዋለሁ። እኔ ስጽፍ የማውቀው እነሱን ብቻ ነበር። በኋላ ደግሞ ሲሠራ እያየሁ ምን አስነካኝ አልኩ።»

«ጃንሆይ ጽሑፍ አያነቡም» አለ ቀበሮ፤ ጅራቱንም እያወዛወዘ ወጣ። «እንግዲያው በዓይናቸው ይዩት።»

በቀትር እንስሳቱ ሁሉ ተሰበሰቡ። ቀበሮ አንድ የፍየል ታፋ ከድንጋይ ላይ አስቀመጠ።

«አያ ጅቦ፣ ማሽኑን ከአንተ የበለጠ የሚያውቀው የለም። ዛሬ አንተ ማሽኑን ሁን። ጠጠሮች በምትቆጥርበት ጊዜ ጆሮህን ትደፍናለህ። ቆጥረህ ስትጨርስ ትከፍታለህ። እኔ ‹ጎርፍ!› ስልህ አንዲት ጠጠር እግርህ ሥር ታስቀምጣለህ፤ ከዚያ ወደ ያዝከው ሥራ ትመለሳለህ። ጆሮህን ከከፈትክ በኋላ እግርህ ሥር ታያለህ። ጠጠር ካለ ታፋውን ትበላለህ። ከሌለ፣ ጥሪ እስኪቀሰቅስህ ትተኛለህ። ስትነቃም ትበላለህ። ያልተጻፈ ነገር ከሠራህ ግን ታፋው የለም።»

«ይሄ ምን ይከብዳል!» አለ ጅብ፤ ወዲያው ጆሮውን በሣር ደፈነ።

መጀመሪያ ቀበሮ ጅብ ጆሮውን እስኪከፍት ጠብቆ «ጎርፍ!» አለ። ጅብ ጠጠር አስቀመጠ፣ አየ፣ ታፋውን ግማሽ ገመጠ። በሁለተኛው ጊዜ ቀበሮ ጅብ እስኪተኛ ጠበቀና «ጎርፍ!» አለ። ጅብ ዘሎ ተነሣ፤ ከታፋው ደግሞ ገመጠ።

«አላልኳችሁም?» አለ ጅብ አጥንቱን እየላሰ። «አይሳሳትም! በሉ ጦጣዋን አምጡልኝ።»

«አንድ ጊዜ ብቻ እንድገመው» አለ ቀበሮ።

ጅብ ጆሮውን ደፈነ፤ ቆጠረ፤ ከፈተ። እግሩ ሥር ጎንበስ ብሎ አየ። ጠጠር የለም። ሊተኛ ጉልበቱን ማጠፍ ሲጀምር ቀበሮ «ጎርፍ!» አለ።

ጅብ ጥሪውን ሰማ። ጠጠር አስቀመጠ። ከዚያ ወደ ያዘው ሥራ ተመለሰ። የያዘው ሥራ መተኛት ነበር። ተኛ።

እንስሳቱ ጠበቁ። ፀሐይ ከዛፉ አናት ላይ ፈቀቅ አለች። ጅብ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጠጠሯ እግሩ ሥር ተቀምጣ፣ የተረፈው ሥጋ አፍንጫው አጠገብ ሆኖ፣ አልተንቀሳቀሰም።

«አያ ጅቦ!» አለ አንበሳ በመጨረሻ።

«ዝም በሉ!» አለ ጅብ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ጥሪ እየጠበቅኩ ነው!»

አንድም እንስሳ አልሳቀም። የአንበሳ ጎፈር ቀስ በቀስ ቆመ። ጥሪው መጥቶ ነበር። ተሰምቶም ነበር። ምልክቱም እዚያው ተቀምጧል። የሚያየው ግን የለም።

«ይህች ክፍተት በማሽኑ ውስጥ ምን ያህል ናት?» አለ አንበሳ በቀስታ።

«ጃንሆይ፣ ዓይንዎን አንዴ እስኪጨፍኑ ድረስ ሺህ ጊዜ ታልፋለች» አለ ቀበሮ።

አንበሳ ወደ ግድቡ ዞረ። አርባ ክረምት ልጆቻቸው ሁሉ በዚያች ክፍተት አጠገብ ሲያልፉ ኖረዋል። ሌሎቹም እንስሳት ይህን አስበው መሰለኝ፣ ሁሉም ግልገሎቻቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡ።

አህያ ወደ ጦጣ ሄደች። «ጠርቼ ነበር ስትዪኝ አላመንኩሽም» አለች፤ ግንባሯንም በጦጣ ትከሻ ላይ አሳረፈች።

ኤሊ ከሕዝቡ መካከል እየተንፏቀቀች ወጣች። «ጃንሆይ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የማስተካክለውም እኔ ልሁን።»

ሦስት ቀን ጻፈች። ያረጁትን ትእዛዞች አንድ በአንድ አወጣች። አሁን ፕሮግራሙ ምልክቱን የሚያየው ጆሮውን እንደደፈነ ነው። ምልክት ከሌለ፣ ጆሮ መክፈትንና መተኛትን በአንድ ላይ በሚያደርግ አዲስ ትእዛዝ ይተኛል። በር ላይ ቆሞ የቆየ ጥሪ ካለ ያው ይቀሰቅሰዋል።

«ጆሮው ነው የሚቀድመው እንቅልፉ?» ብሎ ጠየቃት አንበሳ።

«አንዱም አይቀድምም ጃንሆይ። በመካከላቸው ምንም የለም።»

እንስሳቱ ይህን ሲሰሙ ትንፋሻቸውን ዋጡ።

በሳምንቱ ከባድ ዝናብ ጣለ። ጦጣ ቁልፉን ተጫነች። በሩ ተከፈተና ጎርፉ እያጓራ ወደ ገደሉ ወረደ። አህያ እያነከሰ ከሚከተላት ልጅዋ ጋር ታች መስክ ላይ ቆማ ውኃው በሩቅ ሲያልፍ አየችው፤ ከቆመችበት ግን አልሸሸችም።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር ለብዙ ዘመን ሳይሳሳት ስለኖረ ብቻ እንከን የለበትም ብለን በንጹሑ ላይ ከመፍረዳችን በፊት፣ ያረጀውን ራሱን ቀርበን መመርመር እንደሚገባን ነው።