ሸህ ሙዘሚል ደረሶቻቸውን ወንዝ ያሻገሩ ዕለት

ግንቧ በዝናብ ብዛት የተሸረሸረ፣ አዛኗ ግን ከዘመን ዘመን ያልተቋረጠ አንዲት ጥንታዊ ከተማ ነበረች። በዚያች ከተማ ሸህ ሙዘሚል የሚባሉ፣ ንግግራቸው ጥቂት፣ ዒባዳቸው ብዙ የሆነ ዓሊም ይኖሩ ነበር። አባታቸው ያቋቋሙት መድረሳ ስሙ የገነነ ነው። ከሩቅ አገር ስንቃቸውን በአቁማዳ ቋጥረው የሚመጡ ደረሶች በደጁ ይሰፍራሉ፤ ከዚያ ቤት ተምሮ የወጣ ሰው የትም ቢሄድ ይከበራል።

ሸህ ሙዘሚል እርጅና ሲጫናቸው የማስተማሩን ሥራ ለወንድማቸው ልጅ ለአደም ሰጡ። አደም ሶላቱን የማያሳልፍ፣ ቅን ሰው ነው። መድረሳውን ግን ከዓይኑ ብሌን አስበልጦ ይወዳል። ከወንዙ ማዶ ሸህ ሲራጅ የሚባሉ መምህር ነበሩ፤ በወጣትነታቸው እዚሁ ተምረው፣ ከአደም አባት ጋር ተቀያይመው በመውጣት የራሳቸውን ሐለቃ፣ የትምህርት ጉባኤ፣ የከፈቱ። የእሳቸው ስም በተነሳ ቁጥር የአደም ፊት ይጠቁራል። አዲስ ደረሳ ሲመጣም መጀመሪያ ቃል የሚያስገባው ወንዙን እንዳይሻገር ነበር።

አንድ ቀን ታዲያ ከደረሶቹ ሁሉ የላቀው፣ አደም በልቡ ተተኪዬ የሚለው ኑርዬ፣ በድብቅ ሸህ ሲራጅ ዘንድ ሲማር መክረሙን አደም ሰማ። ሐሜት መሰለው። ራሱ ሄዶ፣ ከዛፍ ሥር ከማዶ ልጆች መሐል ተቀምጦ ሲያየው ግን ክው አለ። ወዲያው ተመለሰ።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ ኑርዬን በደረሶቹና በከተማው ሽማግሌዎች ፊት አቆመው። ቃሉን አፍርሷልና ከመድረሳው ይሰናበት ሲል አጎቱን ጠየቀ። የተሰበሰበው ጀማዓ የሸህ ሙዘሚልን አፍ አፍ ያይ ጀመር።

«ምን ፍለጋ ሄድክ ልጄ?» አሉት ሸሁ ቀስ ብለው።

«ፈራኢድን፣ የውርስ አከፋፈልን ልማር ነው።»

«እሱ እኛ ዘንድ የለም እንዴ?»

ኑርዬ አንገቱን ደፋ። መምህሩን ማሳፈር አልፈለገም። ሸህ ሙዘሚል ይህ ገብቷቸው ወደ አደም ዞሩ። አንድ ሰው ሚስቱን፣ እናቱንና አባቱን ትቶ ቢሞት የእናትየው ድርሻ ምን ያህል ነው ሲሉ ጠየቁት። አደም ሳያመነታ፣ ከጠቅላላው ሲሶ ነው አለ። ቀጥሎ ኑርዬ ተጠየቀ። የሚስትየው ድርሻ ከወጣ በኋላ ከተረፈው ላይ ሲሶ ነው አለ፤ የቀደሙት ዑለማዎች ለምን እንደዚያ እንደበየኑም አስረዳ።

ሸህ ሙዘሚል ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ልክ ያለው ኑርዬ ነው።»

አደም ደነገጠ። መሸነፉ አልነበረም ያስደነገጠው። ባለፈው ክረምት የሞተውን የሸማኔውን ውርስ ያካፈለው እሱ ነው፤ ሟቹ ትቷቸው የሄደውም ልክ እነዚህን ሦስቱን ነበር። የሸማኔው አባት ድርሻው ጎድሎበት፣ የአላህ ፍርድ ነው ብሎ፣ እጁን ዘርግቶ መርቆት ሄዷል። ያንኑ ስህተት አስተምሮ ስንቱን ደረሳ ወደየአገሩ እንደሸኘ ሲያስብ ከቆመበት ቁጭ አለና የሆነውን ሁሉ እዚያው ለጀማዓው ተናገረ።

ሽማግሌዎቹ ሸሁ ነገሩን ሸፈን አድርገው የቤቱን ስም ያድናሉ ብለው ጠበቁ። እሳቸው ግን ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሳልመረምር ነው ያስረከብኩት አሉ። ቀጥለውም ፈራኢድ የሚማር ደረሳ ሁሉ ከነገ ጀምሮ ሸህ ሲራጅ ዘንድ እንደሚማር፣ ራሳቸውም እንደሚያደርሷቸው ተናገሩ። ጀማዓው በድንጋጤ እርስ በርሱ ተያየ።

«አጎቴ፣ የአባትዎ ቤት ይዘጋል እኮ» አለ አደም።

«ቢዘጋ ያመኛል። ነገ አላህ ፊት የምጠየቀው ግን እነዚህን ልጆች የት አደረስካቸው ተብዬ ነው።»

በማግሥቱ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ሸህ ሙዘሚል ከዘራቸውን ይዘው፣ ደረሶቻቸውን አስከትለው ወንዙን ተሻገሩ። ሸህ ሲራጅ ያን ሁሉ ሰው ሲያዩ ለጠብ የመጡ መስሏቸው ቆመው ቀሩ። ነገሩን ሲረዱ እንባቸው መጣ፤ መቀመጫቸውን ሊለቁላቸው ተነሡ። ሸህ ሙዘሚል አይሆንም ብለው ከደረሶቹ መሐል ተቀመጡ። አደም መጀመሪያ ወደ ሸማኔው አባት ሄዶ ይቅርታ ጠይቆ ዓውፍ አስባለ፤ ውርሱም እንደገና በትክክል ተካፈለ። ከዚያ እሱም ወንዙን ተሻግሮ ከኑርዬ ኋላ ተቀመጠ።

ከሄዱት ደረሶች አንዳንዶቹ እዚያው ቀሩ። የሸህ ሙዘሚል ቤት ሳሳ ተብሎ በገበያ ተወራ። አደም ይህን ወሬ ሰምቶ እየከነከነው ሲነግራቸው፣ ሸሁ የመለሱለት ይህን ብቻ ነበር፦

«መድረሳ መድረሻ አይደለም።»

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ያስተማረንን ቤት መውደድ ወፋ፣ ውለታን አለመርሳት፣ ነው፤ ወፋ የሌለው ሰው ምንም የለውም። ነገር ግን ቤቱ ራሱ የቆመው ለልጆቹ ነው፤ እነሱ በእጃችን ያሉ አማናዎች፣ የአላህ አደራዎች፣ ናቸው። ለቤቱ ስም ብለን ልጁን ካለማወቅ ጋር አጥረን ስናስቀምጠው፣ ቤቱን የጠበቅን እየመሰለን አማናውን በልተናል። ሸህ ሙዘሚል የአባታቸው ቤት ቢዘጋ ያመኛል ብለዋል፤ ያን ወንዝ የተሻገሩትም እያመማቸው ነው። አላህ እያመመውም ሐቁን የሚከተል ልብ ይስጠን።